ድልድዩ ከተወሰደ በኋላ
(ስለ በረሃ ተለዋጭ መንገድ)

በበረሃ መንገድ ላይ ሰው የሚሞተው በውሃ ጥም ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። ከአዋሽ ተነሥቶ በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ጋላፊ የሚወርደውን አውራ ጎዳና የሚያውቅ ሾፌር ግን ከጥሙ ይልቅ ደራሽ ውሃን ይፈራል፤ አስተዋይ የሆነ እንደሆነ ደግሞ ደራሹ ካለፈ በኋላ ያለውን ቀን አብልጦ ይፈራል። ጎርፉ በሚወርድበት ሰዓትማ ሁሉም አይቶት ይቆማል። በማግሥቱ ግን ሰማዩ ጠርቶ፥ ፀሐዩ ከርሮ፥ ከተሰበረው ድልድይ አጠገብ ቀስት የተሣለበት ሰሌዳ ቆሞ «ተለዋጭ መንገድ» ሲል፥ አደጋው ያለፈ ይመስላል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህ አመለካከት ትክክል አለመሆኑን ማስረዳት ነው። ተለዋጩ መንገድ ክፉ የሚሆነው ኮረኮንች ስለ ሆነ አይደለም። ክፉ የሚሆነው ድልድዩን ወደ ሰበረው ወደዚያው ወንዝ ውስጥ ስለሚያወርደን ነው።

ነገሩ ለተማሪ ምን ያገባዋል የሚል ቢኖር መልሱ ቀላል ነው። ከደጋው አገር ተነሥተው ወደ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በየዓመቱ ይህን መንገድ ይወርዱታል፤ ይወጡታልም። ሉሲ በ1967 ዓ.ም. ወደ ተገኘችበት ወደ ሐዳር ለጥናት የሚሄዱም አሉ። ከዚህም ሌላ ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ የአሰብ ወደብ ስለ ተዘጋብን፥ ከውጭ ከሚገባው ዕቃ ከመቶው ከዘጠና በላይ የሚመጣው በጅቡቲ ነው። ምንም እንኳ በድሬዳዋ በኩል የሚያልፈው አዲሱ የባቡር ሐዲድ ሥራ ቢጀምር፥ አብዛኛው ሸክም አሁንም በካሚዮን ጀርባ ላይ ነው። እንግዲህ በዚያ በረሃ አንድ ድልድይ በተሰበረ ጊዜ በአንድ ጠባብ የአሸዋ መንገድ ላይ ነዳጅ የጫነ ቦቴ፥ ተሳቢ የሚጎትት ካሚዮን፥ አውቶቡስና ሚኒባስ እየተጋፉ ይሰለፋሉ። ከነዚህም ውስጥ ቀልቡ የማይቸኩል ጥቂት ነው።

በመጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ሚሌ ደግሞ በ500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአሞራ በረራ ቢለካ ከመቶ ኪሎሜትር ጥቂት ይበልጣል። ሁለት ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁለት በዚህች አጭር ርቀት ውስጥ ያልቃል ማለት ነው። በሐምሌና በነሐሴ የወሎ ደጋ ዝናብ በሚሌና በሎጊያ ወንዞች፥ እንዲሁም ስማቸው በካርታ ላይ በማይገኝ ብዙ ደረቅ ወንዞች ተጠራቅሞ ወደ ሜዳው ይወርዳል። የሚሌና የሎጊያ ውሃ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ወሰን አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ስለዚህ በሜዳው ላይ የቆመው መንገደኛ አንዲት ጠብታ ሳያይ፥ እንዲያውም በሙቀት እየነደደ፥ ከመቶ ኪሎሜትር ማዶ የዘነበው ዝናብ ይደርስበታል።

የውሃው ብዛት ደግሞ ሰው ከሚገምተው በላይ ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎሜትር በሆነ አገር ላይ 20 ሚሊሜትር ዝናብ ጣለ እንበል። ይህ ለደጋ ሰው ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ተራ ዝናብ ነው። ሒሳቡ ሲሠራ ግን ሁለት ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። ዛፍና ሣር በሌለበት ራቁት ተራራ ላይ ግማሹ ወደ መሬት ሳይሰርግ በሦስት ሰዓት ውስጥ ቢወርድ፥ በአንዱ ደረቅ ወንዝ አፍ ላይ በየሴኮንዱ ከ90 ቶን በላይ ውሃ ያልፋል። ይህ ሁሉ ማታ ይመጣና ጧት የለም፤ የሚቀረው እርጥብ አሸዋና የተሰበረ መንገድ ነው።

መንገዱስ የሚሰበረው እንዴት ነው? ብዙ ሰው ውሃው ድልድዩን በግምባሩ ገፍቶ የሚጥለው ይመስለዋል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ሥራው ከሥር ነው። በሜዳ ላይ የተሠራ መንገድ ከፍ ባለ የአፈር ሙሌት ላይ ስለሚቆም ለጎርፉ እንደ ግድብ ይሆንበታል። ከሥሩ የተቀበረው ቱቦ ጠባብ ከሆነ፥ ወይም ጎርፉ ባመጣው ቁጥቋጦና ድንጋይ ከተደፈነ፥ ውሃው በላይኛው ወገን ይጠራቀምና በአስፋልቱ ላይ ይፈሳል። ከዚያም በታችኛው ወገን እንደ ፏፏቴ ሲወድቅ የመንገዱን ጠርዝ ከሥር እየቦረቦረ ወደ ኋላ ይበላዋል። አፈሩ ከሄደ በኋላ አስፋልቱ ብቻውን እንደ ቤት ጣሪያ ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል። ከላይ ሲታይ ደኅና መንገድ ነው፤ ከሥሩ ግን ባዶ ነው። ስለዚህ የተቆረጠ መንገድ ለማየት ብሎ እስከ ጫፉ ድረስ የሚሄድ ሰው፥ ይልቁንም ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚሽቀዳደም ተማሪ፥ የቆመበትን ነገር አያውቅም። ማየት የሚፈልግ ከጎን ዞሮ፥ ከሥር በኩል ያለውን ክፍተት በሩቅ ይመልከት።

በድልድይም ላይ እንደዚሁ ነው። ጎርፉ በሚጠነክርበት ሰዓት በምሶሶው ዙሪያ ያለውን አሸዋ ጠርጎ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ሲደክም ደግሞ ያመጣውን አሸዋ በጉድጓዱ ውስጥ መልሶ ይጥላል። በማግሥቱ የሚመጣ ሰው የሚያየው ልል አሸዋ የሞላበትን የተስተካከለ መሬት ነው። ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የሚሆን እንዳይመስለን። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሐምሌ 19 ቀን 2015 በካሊፎርኒያ በረሃ፥ ሎስ አንጀለስን ከፊኒክስ በሚያገናኘው ታላቅ አውራ ጎዳና ላይ፥ ቴክስ ዋሽ በተባለ ደረቅ ወንዝ ላይ የተሠራው ድልድይ ከማዕበል በመጣ ዝናብ ወድቆ አንድ ሰው ከነመኪናው ተይዞ ቆስሏል። መንገደኛውም በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎሜትር እንዲዞር ተገድዷል። የእኛን አገር ካነሣን ደግሞ የድሬዳዋን መርሳት አይቻልም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በሐረርጌ ደጋ የዘነበው ዝናብ በደቻቱ ወንዝ ወርዶ ሰው በተኛበት በሌሊት ከ200 በላይ ሕይወት አጥፍቷል። ደቻቱ በበጋ ሰው የሚመላለስበት፥ ዕቃም የሚሸጥበት ደረቅ አሸዋ ነው።

አሁን ወደ ተለዋጩ መንገድ እንመለስ። ድልድዩ ሲሰበር የሚሠራው ሥራ አንድ ዓይነት ነው፤ ዶዘር ይመጣል፥ ከመንገዱ ወደ ወንዙ የሚያወርድ ቁልቁለት ይቆርጣል፥ በወዲያኛው ዳር ደግሞ ዳገት ይቆርጣል። በመካከሉ ያለው አሸዋው ራሱ ነው። አንዳንድ ጊዜ ጥቂት ቱቦ ቀብረው አፈር ይደለድሉበታል፤ የሚቀጥለው ጎርፍ መጀመሪያ የሚወስደውም ይህንኑ ነው። እንግዲህ አስፋልቱ በከፍታ ላይ ሳለ የተሰበረውን ያህል፥ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የተቆረጠው መንገድ የቱን ያህል ሊጸና እንደሚችል አንባቢ ይገምተው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «መንገዱ ይታለፋል ወይ?» ሳይሆን «ዛሬ በላይኛው አገር ዘንቧል ወይ?» የሚለው መሆን አለበት። በክረምት የደጋው ዝናብ በብዛት የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነውና ውሃው ሜዳው ላይ የሚደርሰው ማታ ወይም ሌሊት ነው። ከዚህ የተነሣ ጧት ከ12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ለመሻገር የተሻለ ነው፤ ምሽት ደግሞ የከፋ ነው። ነገር ግን የሚጓዘው ሰው ሁሉ ሙቀቱን ሽሽት ማታ ማታ መሄድ ይወዳል። በምዕራብ በኩል በተራራው ላይ የጠቆረ ደመና ወይም ማታ የሚብለጨለጭ መብረቅ ከታየ መቆም ይገባል። በቦታው ላይ ደግሞ ሌሎች ምልክቶች አሉ፦ ጥርት ብሎ ይፈስ የነበረው ውሃ ሲደፈርስ፥ ስንጥርና ቅጠል ሲያንሳፍፍ፥ ከላይ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስና የእርጥብ አፈር ሽታ ሲመጣ፥ ወይም ካሚዮን ዳገት ሲወጣ የሚያሰማውን የመሰለ ድምፅ ሲሰማ፥ ያን ጊዜ በወንዙ ውስጥ ያለ ሰው ዕቃውን ትቶ ወደ ዳር መሮጥ አለበት። ውሃው እየጨመረ ወይስ እየቀነሰ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ከውሃው ዳር ላይ አንድ ድንጋይ አስቀምጦ ሩብ ሰዓት መጠበቅ ይበቃል። ድንጋዩ ከተዋጠ ነገሩ ግልጽ ነው።

ጥልቀቱንስ በዓይን መገመት ይቻላል? አይቻልም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። የፊዚክስ ትምህርት ያላቸው ይህን ሒሳብ ራሳቸው ሊሠሩት ይችላሉ። አንዲት ትንሽ አውቶሞቢል ርዝመቷ 4 ሜትር፥ ስፋቷ 1 ሜትር ከ70 ብትሆን የወለሏ ስፋት ወደ 7 ካሬ ሜትር ይጠጋል። ውሃው ከወለሏ በላይ በየ10 ሴንቲሜትሩ ከፍ ባለ ቁጥር በ700 ኪሎ ያህል ኃይል ወደ ላይ ያነሣታል። ሰዎቿን ጨምራ 1,300 ኪሎ የምትመዝን ብትሆን ከወለሏ በላይ 20 ሴንቲሜትር ውሃ ሳይሞላ ትንሳፈፋለች። ወለሏ ከመሬት 20 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ ነው ብንል፥ ከጉልበት ዝቅ ያለ ውሃ አነሣት ማለት ነው። ከመንሳፈፏም አስቀድሞ ጎማዎቿ መሬቱን የሚነክሱበት ኃይል ስለሚቀንስ፥ 30 ሴንቲሜትር የሚሆን ፈጣን ውሃ ገፍቶ ሊወስዳት ይችላል። 60 ሴንቲሜትር ከሆነማ ትልልቆቹንም መኪናዎች ያንሸራትታል። ፍጥነቱ ደግሞ ከጥልቀቱ ይብሳል። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ ሊያንከባልለው የሚችለው ድንጋይ ክብደት ግን በ64 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ በጎርፉ ውስጥ የሚመጣው ውሃ ብቻ አይደለም፤ የማይታይ ቋጥኝም አብሮ አለ። «ከፊቴ የሄደው ካሚዮን አልፏል» የሚለው አነጋገር ለሚኒባስ ማስረጃ አይሆንም፤ ካሚዮኑ 40 ቶን ይመዝናልና።

በዚህ ነገር ላይ ከሁሉ የተሻለ ዐዋቂ የአገሩ ሰው ነው። የአፋር ሕዝብ ዳጉ የሚባል ልማድ እንዳለው ብዙዎቻችን ሰምተናል። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ እንደ እኛ «እንደምን አለህ» ተባብለው አይተላለፉም። ቆመው ወይም ተቀምጠው ከየት እንደ መጡ፥ በመንገዳቸው ምን እንዳዩ፥ ዝናብ የት እንደ ጣለ፥ ሣር የት እንዳለ፥ ምን አዲስ ነገር እንደ ሰሙ በዝርዝር ይለዋወጣሉ። ሐሰት መናገር ትልቅ ነውር ነው። ከብቱን ይዞ የሚዞር ሰው ኑሮው በዝናቡ ላይ ስለ ሆነ፥ ትናንት በላይኛው ወንዝ ምን እንደ ሆነ ከሬዲዮው በፊት ያውቃል። ስለዚህ ሾፌሩ ወይም ረዳቱ ከመሻገሩ በፊት ወርዶ ሰላምታ ሰጥቶ በትዕግሥት ቢጠይቅ የሚያገኘው ወሬ ዋጋው ብዙ ነው። በመስኮት በኩል ጮኾ «ይታለፋል?» ማለት ግን ጥያቄ አይባልም፤ እንዲህ የጠየቀ ሰው «አዎ» ተብሎ ቢመለስለት ሊገረም አይገባውም።

ውሃው ከወረደና መሻገሩ ተገቢ ከሆነ የአነዳዱ ነገር ይመጣል። እዚህ ላይ ትልቁ ደንብ ከመኪናው ጉልበት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፦ ከፊት ያለው መኪና በወዲያኛው ዳር ዳገቱን ጨርሶ ሳይወጣ ማንም ወደ ወንዙ አይውረድ። ብዙ ጊዜ የሚታየው ተቃራኒው ነው። አንዱ ካሚዮን ዳገቱ ላይ ይቆማል፥ ጎማው አሸዋውን እየቆፈረ ይሰምጣል፥ ከኋላው የተከተሉት አምስትና ስድስት መኪናዎች በወንዙ ውስጥ ይታጨቃሉ፥ ከኋላቸው ሌላ ሰልፍ ስላለ መመለስም አይችሉም። ሁሉም ክላክስ ይነፋሉ። ያን ጊዜ ውሃ ቢመጣ የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም። ተሳፋሪዎችም ቢሆኑ በአውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጠው ከሚሻገሩ ይልቅ ቀድመው ወርደው በእግራቸው ቢሻገሩ ይሻላል፤ አውቶቡሱም ይቀለዋል። ይህን ያዘዘ ሾፌር ብዙ ጊዜ ይሰደባል። ሌሎቻችን ተሳፋሪዎች «አሁን ምን አለበት፥ ሂድ እንጂ» ባዮች ነን፤ ብዙ ሾፌሮችም ወደ ውሃ የሚገቡት ከልባቸው ሳይሆን ይህን ግፊት መቋቋም አቅቷቸው ነው።

በአሸዋ ላይ ማርሹ ከመግባቱ በፊት መቀየር አለበት። መካከል ላይ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ የሚቀይር ሰው በዚያች ቅጽበት መኪናው ይቆምበታል። ፍጥነቱ ሳይበዛና ሳያንስ በእኩል መሄድ ይገባል፤ ፍሬን መያዝ በጎማው ፊት የአሸዋ ክምር ይሠራል። ለቀላል መኪና የጎማውን ንፋስ በሲሶ ያህል መቀነስ ጎማው እንዲዘረጋና ከላይ እንዲንሳፈፍ ያደርገዋል፤ ነገር ግን አስፋልት ላይ ሲወጣ መልሶ መሙላት ግዴታ ነው፥ አለዚያ ጎማው ግሎ ይፈነዳል። ብዙ ጭነት ባለው መኪና ላይ ግን ይህን መሞከር አይገባም። ጎርፉ የጣለው ደለል ደግሞ ከአሸዋው የባሰ አታላይ ነው፤ በፀሐይ ላዩ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ሲታይ ጠንካራ ይመስላል፥ ከቅርፊቱ ሥር ግን ገና ጭቃ ነው። ረዳቱ ወርዶ በእግሩ ረግጦ፥ በብረትም ወግቶ ቢያየው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ትልልቅ ካሚዮኖች የሚያልፉበት መንገድ ሁለት ጥልቅ ቦዮች ያወጣል። ቁመቷ አጭር የሆነች መኪና በነዚህ ቦዮች ውስጥ ከገባች ሆዷ በመካከሉ ጉብታ ላይ ተቀምጦ አራቱም ጎማዎቿ በአየር ላይ ይዞራሉ። ስለዚህ አንዱን ጎማ በመካከለኛው ጉብታ ላይ፥ ሌላውን በዳሩ ላይ አድርጎ መሄድ ይሻላል። መንታ የኋላ ጎማ ያላቸው ካሚዮኖች ደግሞ ኮረኮንቹን ካለፉ በኋላ ቆመው በሁለቱ ጎማዎች መካከል የተሰነቀረ ድንጋይ አለመኖሩን ማየት አለባቸው። ትንሽ የምትመስል ድንጋይ አስፋልት ላይ ሁለቱንም ጎማ በልታ ትፈጃለች። ውሃ ውስጥ ያለፈ መኪና ፍሬኑ እርጥብ ስለሚሆን ዳር እንደ ወጣ ቀስ እያለ ፍሬኑን ደጋግሞ በመርገጥ ማድረቅ ያስፈልጋል። ይህን ሳያደርግ ቁልቁለት የጀመረ ፍሬኑ የለም ማለት ይቻላል።

የተያዘ መኪና ጋር የቀረ ሰው ደግሞ ከመኪናው መራቅ የለበትም። በአፋር ሜዳ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት ቀን «ከተማው እዚያ ነው፥ ይታየኛል» ብሎ በእኩለ ቀን በእግር መነሣት ትልቅ አደጋ ነው። መኪናው ከወንዙ ውጭ የቆመ እንደሆነ ጥላው ጥሩ ነው፤ መንገዱም ካሚዮን የማያጣው ስለ ሆነ ርዳታ ይመጣል። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ አምስት ሊትር የሚጠጣ ውሃ መያዝ ያስፈልጋል፤ ለራዲያተሩ የሚሆነው ከዚህ ውጭ ነው። የፈላ ራዲያተር ክዳኑ ሳይቀዘቅዝ አይነካም።

የምህንድስና ተማሪዎች ይህን ጽሑፍ እስከዚህ ካነበቡ አንድ ጥያቄ ያነሡ ይሆናል፤ ይኸውም በየደረቁ ወንዝ ላይ ትልቅ ድልድይ መሥራት የሚቻል ነው ወይ የሚል ነው። በእኔ አስተያየት በትልልቆቹ ወንዞች ላይ አዎን፥ በትንንሾቹ ግን አያስፈልግም። በትንንሾቹ ላይ ጎርፉን ከሚገድብ ከፍ ያለ ሙሌትና ጠባብ ቱቦ ይልቅ ከወንዙ ወለል ጋር የተስተካከለ፥ ታችኛው ጠርዙ በጥልቅ ግንብ የታሰረ የሲሚንቶ መሻገሪያ ይሻላል። ውሃው በላዩ ያልፋል፤ መንገደኛው ጥቂት ሰዓት ይጠብቃል፤ በማግሥቱ መንገዱ በቦታው አለ። ከዳርና ከዳር ደግሞ በየ10 ሴንቲሜትሩ ቀለም የተቀባ ምሰሶ ቢቆም ሾፌሩ ጥልቀቱን ከመገመት ይድናል፤ 30 ላይ ቀይ መስመር ይሣልበት። በተለዋጩ መንገድም ላይ ቢሆን እንዲህ ያለ ምሰሶ መትከል የአንድ ጣሳ ቀለምና የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ዶዘሩ ቁልቁለቱን ቆርጦ ሳይሄድ ሊሠራ ይችላል።